ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፦ ዕፅዋት የሚበቅሉበት የዓሣ ገንዳ እንዴት ይሠራል?

የመስታወት የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ዓሣዎቻቸውን የሚያጡት በቸልተኝነት ሳይሆን በንጽሕና ብዛት ነው። ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ገንዳው ውኃ ከገባበት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መስታወቱና ቅጠሎቹ ላይ በጣት ሲነካ የሚለቅ ቡናማ ብናኝ ተጋግሯል። አንዳንዱ ቅጠል ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሳስቷል። ባለቤቱ ይደነግጥና ዓሣዎቹን ወደ ባልዲ ያወጣል፤ ጠጠሩን ያጥባል፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዞ ንጹሕ ውኃ እስኪወጣው ይጨምቃል፤ ገንዳውን ፈግፍጎ በአዲስ ውኃ ይሞላል። ማታ ውኃው እንደ ብርሌ ጠርቶ ሲያየው ደስ ይለዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ዓሣዎቹን ውኃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያለከልኩ ያገኛቸዋል።

ሰውየው ምን አጠፋ? መልሱ ያለው በዓይን በማይታየው የገንዳው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከዕቃውና ከመብራቱ በፊት እሱን ማወቅ ይበጃል። ዓሣና ዕፅዋት የሚያኖር ሰው ከሁሉ በፊት የሚንከባከበው ውኃን ነውና።

ዕፅዋቱ ጌጥ ብቻ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህም ከታወቀ ቆይቷል። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 አንድ ሙከራውን በጽሑፍ አቀረበ። በትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ውኃ፣ አሸዋና ጠጠር አድርጎ፣ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቅጠሏ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ቫሊስኔሪያ የተባለች የውኃ ተክል አኖረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዓሣዎቹ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሏ ትወስዳለች፤ እሷ የምታወጣውን ኦክስጅን ደግሞ እነሱ ይተነፍሳሉ። ለጊዜው ሠራ። ቆይቶ ግን ያረጁት ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ መስታወቱ አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። ዋሪንግተን ውኃውን ደፍቶ አልጀመረም። አምስት ወይም ስድስት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠልና ልጋጉን በሉ፤ የጣሉት እንቁላል ለዓሣዎቹ ምግብ ሆነ፤ ውኃው ጠራ።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው መፍትሔው እጥበት ስላልነበረ ነው። ከገንዳው የጎደለው አንድ ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲገባ ነገሩ ተስተካከለ። ዋሪንግተን ሊያያቸው ያልቻላቸው ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ለይቶ ያወጣቸው ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ውኃው ጠርቶ ሳለ ዓሣዎች ለምን ይሞታሉ?

አሞኒያ መልክ የለውም። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን አሞኒያ በአብዛኛው የሚያስወግደው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በወንዝ ውስጥ ቢሆን ታጥቦ ይሄዳል፤ 60 ሊትር በሚይዝ መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ሲጠራቀም ስንጥቡን ያቆስላል፤ መጠኑ ከፍ ሲልም ይገድላል።

ባክቴሪያዎቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ በዓሣው ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ስለሚለውጠው ደሙ ቡናማ መልክ ይይዛል። ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ዓሣው ይታፈናል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ዓሣን እምብዛም አይጎዳም፤ ለዕፅዋት ደግሞ ምግብ ነው። ይህ ቅብብሎሽ የናይትሮጅን ዑደት ይባላል። ስለ ዓሣ ገንዳ አንድ ነገር ብቻ የሚማር ሰው ቢኖር ይህን ይማር እላለሁ።

ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው ውኃው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይኖሩም። ስፖንጁ፣ ጠጠሩ፣ እንጨቱና ቅጠሉ ላይ ስስ ልባስ ሠርተው ይጣበቃሉ። ማጣሪያ ሲባል ብዙዎች ቆሻሻ የሚያጠልል ወንፊት ይመስላቸዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ለእነዚህ ፍጥረታት መኖሪያ መሆኑና ኦክስጅን ያለው ውኃ ሌት ተቀን በደጃቸው ማሳለፉ ነው። ማጣሪያ ለኤሌክትሪክ ቁጠባ ተብሎ ሌሊት የማይጠፋውም ለዚህ ነው። ያ ባለቤት ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ሲጨምቅ ያጠበው እነሱን ነበር። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል የተጨመረ ስለሆነ ከእጥበቱ ለተረፉትም አይራራም።

ለምን ቶሎ አይተኩም? ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ በእጥፍ ሊባዙ ይችላሉ። እነዚህ ግን ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አዲስ ገንዳ እስኪበስል፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ በበቂ እስኪበዙበት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ያለ እርሾ የተቀመጠ ሊጥ መቡካቱ አይቀርም፤ ይዘገያል እንጂ። ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ ያልታጠበ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ ጠጠር ተወስዶ አዲሱ ውስጥ ቢገባ እርሾ ሆኖ ሥራውን ያፋጥነዋል።

ዕፅዋቱም ያግዛሉ። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ መርዛማው አሞኒያ ራሱ ነው፣ ሌላው ጉዳቱ በጣም አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ነው። ብዙ የውኃ ዕፅዋት ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን አስቀድመው ይወስዳሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተተከለ ገንዳ አደጋውን የሚቀንሰው በዚህ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ በዋነኛነት የሚወስነው የውኃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካላይነቱ መለኪያ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው መርዛማው መልክ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ይወጣል። የአሞኒያ መመርመሪያው ያው ቁጥር እያሳየ አደጋው 10 እጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው።

መብሰሉ የሚታወቀው በግምት ወይም በውኃው ጥራት አይደለም፤ በጠብታ መመርመሪያ፣ ማለትም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ላይ ጠብታ ተጨምሮ መጠኑ ከመልኩ በሚነበብበት ዕቃ ነው። ዓሣ ሳይገባ ዕፅዋቱ ይተከሉ፣ ማጣሪያው ይሥራ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበት። መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣና ይወርዳል፤ ቀጥሎ ናይትራይት ይወጣና ይወርዳል። ምግቡ እየተጣለ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ዓሣ ይግባ፤ እሱም ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ በየመሐሉ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት እየተጠበቀ።

ገንዘብ በምን ላይ ይውጣ?

ጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀለኛል ይላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። 10 ሊትር ውኃ ውስጥ የሞተ አንድ ዓሣ ውኃውን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል፤ 100 ሊትር ውስጥ ሲሆን ለመንቃት ጊዜ ይገኛል። ከ60 እስከ 100 ሊትር ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሚ ነው። ክብደቱ ግን ይታሰብበት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲጨመሩ የ100 ሊትር ገንዳ ከ130 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የመጻሕፍት መደርደሪያ ይህን አይሸከምም። መቆሚያው ጠንካራና በውኃ ልክ የተስተካከለ፣ ቦታውም የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን።

ወለሉ ሁለት ዓይነት ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ጠጠር ራሱ ምግብ አይሰጥም፤ በሥራቸው ለሚመገቡት ዕፅዋት ማዳበሪያ እንክብል ሥር ሥራቸው መቀበር ይኖርበታል። ለውኃ ዕፅዋት ተብሎ በፍሬ መልክ የሚዘጋጀው አፈር ደግሞ ምግብ የያዘ ነው፤ ፒኤቹንም ዝቅ ያደርጋል። ብዙው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ አሞኒያ ስለሚለቅ፣ በዚያ ጊዜ ዓሣ አይግባ፤ ውኃውም ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ማሞቂያ ለሞቃት አገር ዓሣዎች በሊትር አንድ ዋት እየታሰበ ይገዛል፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ለብዙዎቹ ይስማማል። ኤሌክትሪክን በተመለከተ አንድ ትንሽ ጥንቃቄ አለ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረግ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

መብራትስ? ስለሱ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ብርሃን ሲበዛ ዕፅዋቱ ይበልጥ አያድጉም?

ያድጉ ነበር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢጨመርላቸው። ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው። አንዱ በሬ ሲሮጥ ሌላው መከተል ካልቻለ ቀንበሩ ይጣመማል፤ ትልሙም ይበላሻል። ከሦስቱ የሚሮጠው ሁልጊዜ ብርሃን ነው። ቅጠል ብርሃን ባገኘ መጠን ፍላጎቱ ይንራል፤ የሚፈልገውን ካላገኘ ይዳከማል። የተዳከመ ቅጠል ላይ የሚሰፍረው ዋቅላሚ ነው፤ በሌላ ስሙ አልጌ። ዋቅላሚ በጥቂት ይረካል፤ የተረፈውን ብርሃን ይዞ ይፋፋል።

ስለዚህ የገንዳው ፍጥነት የሚወሰነው በመብራቱ ነው። ፍጥነቱን መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ከመረጠ በኋላ ግን ቀሪውን በዚያው ልክ ማሟላት ግዴታው ይሆናል። ዝግተኛው መንገድ መጠነኛ ብርሃን፣ ብዙ የማይጠይቁ ዕፅዋት፣ ከዓሣዎቹ የሚገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ማዳበሪያ ነው። ፈጣኑ መንገድ ኃይለኛ መብራት፣ ከጋዝ ሲሊንደር የሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በየቀኑ ማዳበሪያ፣ በየሳምንቱ መቀስ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ዝግተኛውን ነው፤ በእሱ ላይ አንድ ስሕተት ቢፈጸም ውጤቱ የሚታየው በሳምንታት ስለሆነ ለማረም ጊዜ ይሰጣል። በፈጣኑ ላይ ግን ሁለት ቀን ይበቃል።

በሁለቱም መንገድ መብራቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይብራ፤ ማብሪያና ማጥፊያውም ለሰዓት ቆጣሪ ይሰጥ። ሰው ይረሳል፤ እንግዳ ሲመጣም ገንዳውን ለማሳየት እስከ እኩለ ሌሊት ያበራል። ዋቅላሚ ሲታይ መጀመሪያ የሚነካው ይኸው መቆጣጠሪያ ነው፤ ሰዓቱ ይቀነስ ወይም የመብራቱ ኃይል ዝቅ ይበል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ለምን አስፈለገ?

ዕፅዋት ገላቸውን የሚሠሩት በአብዛኛው ከካርቦን ነው። ጋዞች በውኃ ውስጥ የሚስፋፉት በአየር ውስጥ ከሚስፋፉት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት በመሆኑ፣ በቅጠሉ ዙሪያ ያለው ስስ የውኃ ሽፋን ካርቦኑ ሲወሰድበት ቶሎ አይተካም። ውኃው በዝግታ መዘዋወር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅጠሎቹ በመጠኑ ሲወዛወዙ መታየት አለባቸው። አየር ብቻ የሚነካው ውኃ በሊትር ከግማሽ ሚሊ ግራም ብዙም የማይበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በፈጣኑ መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የሚያደርሱት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

መጠኑን ለማወቅ መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ብልቃጥ አለች። በውስጧ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ በቂ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። መልኳን የምትለውጠው ዘግይታ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ስለሆነ ከእሷ ይልቅ ዓሣዎቹን ማመን ይሻላል። ወደ ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ከታዩ ጋዙ ይዘጋ፣ የውኃው ገጽም ይናጥ። ጋዙ ከመብራቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይከፈታል፤ ሌሊት መከፈት የለበትም። ዕፅዋት ብርሃን አስተፃምሮ የሚያካሂዱት በብርሃን ብቻ ነው፤ በጨለማ እንደ ማንኛውም ፍጡር ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አንዳንዶች ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አብላልተው ጋዙን ያገኛሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ዛሬ በርትቶ ነገ ይደክማል። መዋዠቁ ከማነሱ ይልቅ ይጎዳል።

ፈጣኑን መንገድ በዓለም ካስፋፉት መካከል ዋነኛው ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን፣ ኦሽናሪየም በተባለው የውኃ እንስሳት ማሳያ የሠራው ገንዳ 40 ሜትር ርዝመት የነበረው፣ 160,000 ሊትር ውኃ የሚይዝ ነበር። የገንዳው ስፋት እንዲህ ሆኖ የሚመራበት ሕግ ከ60 ሊትሩ ጋር አንድ ነው።

ገና የተተከለው ተክል ለምን ይረግፋል?

አብዛኞቹ የውኃ ዕፅዋት በማፍያ ጣቢያ የሚያድጉት ሥራቸው እርጥብ ሆኖ ቅጠላቸው አየር ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ለአየር የተሠራው ቅጠል አያገለግልም፤ ይሳሳል፣ ይቀልጣል። ክሪፕቶኮሪን የተባለው ተክል በተለይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን በሙሉ ሊጥል ይችላል። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሥሩ ተጭነው ሲያዩት ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። የቀለጡት ቅጠሎች ይለቀሙና ይጠበቅ፤ በሳምንታት ውስጥ ከመሐል ለውኃ የተሠራ አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን እንደ ሌሎቹ አፈር ውስጥ መትከል ነው። እነዚህ ወፍራም አግድም ግንድ አላቸው፤ ቅጠሉ ከላዩ፣ ሥሩ ከታቹ ይወጣል። ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ይታሰሩ፤ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ይጣበቃሉ። ለዝቅተኛ ብርሃን ከእነሱ የተሻለ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ራሱ ይናገራል። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚጓዙ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ሲጎድሉ ተክሉ አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲሱን ይሠራል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው በታችኛው፣ ባረጀው ቅጠል ላይ ነው፤ መላው ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካበጀ ፖታሲየም ይጠረጠራል። ብረትና ካልሲየም ግን ከገቡበት ቅጠል አይወጡም። ሲጎድሉ የሚጎዳው አዲሱ ጫፍ ነው፤ ጫፉ ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት ጎድሏል። ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት የታመመው ቅጠል ከላይ ነው ወይስ ከታች ብሎ ማየት ብዙ ወጪ ያድናል።

ዋቅላሚ ሲመጣ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ዓይነቱ ይለይ። በአዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ብናኝ ዳያቶም ይባላል፤ ገንዳው እየበሰለ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። እስከዚያው በስፖንጅ መጥረግ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ባለታሪካችን ያን ሁሉ ጥፋት ያደረሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሚጠፋ ነገር ነበር። ውኃውን እንደ ጎመን ጭማቂ የሚያደርገው ተንሳፋፊ ዋቅላሚ ገንዳውን ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት በጨርቅ ሸፍኖ በማጨለም ይቀንሳል። በቅጠል ጠርዝ ላይ እንደ ጢም የሚበቅለው ጥቁሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲዋዥቅና ቆሻሻ ሲከማች ይበረታል፤ የተጎዳውን ቅጠል ቆርጦ መጣልና ምክንያቱን ማስተካከል ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚገለበጠውና የሚሸተው ደግሞ ከስሙ በቀር ዋቅላሚ አይደለም፤ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ውኃ በደንብ በማይዘዋወርበት ጥግ ይጀምራል።

ሳምንታዊው ሥራ እንዴት ይሠራል?

እኔ የምጀምረው ማሞቂያውን ከሶኬት በመንቀል ነው። ውኃው ሲጎድል የማሞቂያው ሞቃት መስታወት አየር ላይ ይቀርና ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀጥሎ የረዘመውን እቆርጣለሁ፣ መስታወቱን እጠርጋለሁ፤ የተነሣው ሁሉ ከውኃው ጋር እንዲወጣ። ከዚያ ቱቦውን አስገብቼ ውኃውን ወደ ባልዲ እሳባለሁ፤ ዕፅዋት በሌሉበት ቦታ የቱቦውን አፍ ጠጠሩ ላይ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ደለሉ እንደ ጭስ እየተነነ ይገባል፤ ሥር ያለበትን ግን አልቆፍርም። በወር አንዴ ስፖንጁን በዚሁ ባልዲ ውስጥ፣ ከገንዳው በወጣው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጨምቀዋለሁ። ውኃው ወዲያው ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ስፖንጁም ቡናማ እንደሆነ ይመለሳል፤ ማለፍ የሚገባው ውኃ ካለፈበት በቂ ነው። ባልዲው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ለዚህ ብቻ የተለየ ነው።

አዲሱ ውኃ ከገንዳው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ይኑረው፤ የክሎሪን ማርከሻም ይጨመርበት። በአብዛኛው የማርከሻው ዋና ንጥረ ነገር ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ውኃን አሳድሮ ክሎሪኑ እንዲተን ማድረግ የድሮ ዘዴ ነው፤ በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን የሚጨመርበት ውኃ ግን በአንድ ሌሊት አይጠራም። ሲሞላ ውኃው ወለሉን እንዳይቆፍር ሳህን ተቀምጦ በእሱ ላይ ይፈስሳል።

ምን ያህል ይቀየር? ገንዳው በሳምንት 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት በሊትር ያመርታል፣ ዕፅዋቱም ምንም አይወስዱም እንበል። በየሳምንቱ ሩብ ውኃ የሚቀይር ሰው ናይትሬቱ እየወጣ ሄዶ 40 ላይ ይቆምለታል። 40 ሲሆን ሩቡ፣ ማለትም 10 ይወጣል፤ በሳምንቱ 10 ይገባል። ግማሽ የሚቀይር ሰው ግን ከ20 አያልፍም። በየወሩ አንዴ ግማሹን የሚቀይር ደግሞ 80 ይደርሳል። ሥራው ያው ባልዲ መሸከም ሆኖ ልዩነቱን የሚያመጣው በየሳምንቱ መሆኑ ነው። ዕፅዋት የበዙበትና ዓሣ ያነሰበት ገንዳ ከዚህ ባነሰ ሊረካ ይችላል፤ ይህንንም የናይትሬት መመርመሪያው ይናገራል።

ምግብ በቀን አንዴ፣ ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሚጨርሱት ልክ ይሰጥ። ከዚያ በላይ የተሰጠው አሞኒያ ሆኖ ይመለሳል።

የተቆረጠው ተክል የት ይጣል?

ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ቦይ ውስጥ ፈጽሞ አይጣል። እንቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌሎች አህጉራት የተጓዘው በውብ አበባው ምክንያት፣ ለኩሬ ጌጥ ተፈልጎ ነው። ዛሬ በአፍሪካና በእስያ ሐይቆችን አልብሶ ጀልባ ያግዳል፣ ከሥሩ ያለውን ውኃ ብርሃንና ኦክስጅን ይነሣል። ከገንዳ የሚወጣ ቁራጭም ብዙ ጊዜ አንድ አንጓ ከቀረው እንደገና ይበቅላል፤ በቅጠሉ ላይ በቀላሉ የማይታይ የቀንድ አውጣ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ቁርጥራጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲሰበር እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ፤ ከዚያ ለጓሮ አትክልት ብስባሽ ይሆናል። ከገንዳው የሚወጣው አሮጌ ውኃም ቢሆን ናይትሬት ስላለበት ወደ አበባ መደብ ቢፈስ ይጠቅማል፤ ጨው ወይም መድኃኒት ያልገባበት እስከሆነ ድረስ።